የወረቀቱ ካባ በሱሉልታ መንገድ

ከፒያሳ ስነሳ የያዝኩት ዋናው ዕቃ አንድ ጥቅል ወረቀት ነበር። ቡናማና ወፍራም ነው፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ቁመቱም ከኔ ብዙ አያንስም። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጨርቅ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ሳንጠለጥለው የሰፈራችን ሊስትሮ ዓሣ ልታጠምጂ ነው ወይ ብሎ ቀለደብኝ። የምሄድበትን ብነግረው ይበልጥ ይስቅ ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች አንድ ካባ ለቃቅሜ ልመለስ ነው የወጣሁት፤ ጨርቁን ከቡራዩ፣ ቀለሙን ከሰበታ፣ ጥልፉን ከሱሉልታ።

ሥራዬ የልብስ ዲዛይን ነው። የምኖረው ከሙሽራና ከሚዜ ቀሚስ በማገኘው ነው፤ ልቤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የማውቃቸው ጥቂት ሠዓሊዎች የጋራ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ አንድ ልብስ ይዤ እንድገባ ጠየቁኝ፤ የሚሸጥ ሳይሆን እንደ ሥዕል የሚታይ። ልብስ እንዴት ሥዕል ይሆናል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ እንዴት አይሆንም እላለሁ። ሥዕል ግድግዳ ላይ ሆኖ እናንተን ይጠብቃል፤ ልብስ ግን ራሱ ተነስቶ ወደናንተ ይመጣል። ብርሃን ያገኘዋል፣ ንፋስ ይገባበታል፣ ሰው ውስጡ ሆኖ ይተነፍሳል። ይህን ማውራት ስጀምር እናቴ "ደግሞ ጀመራት" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ወረቀቱ የካባው ቅድ ነው። ጀርባው፣ ደረቱ፣ እጅጌውና ኮሌታው እየተሰመሩ የተቆረጡበት፣ ጨርቁ በልኩ የሚቆረጥበት። የቆረጡት ስፌት ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ እርሳስ ሲይዙ ይብሳል። ይህን ቅድ በብዙ ትግል ጨርሰው መቀሱን ሲያስቀምጡ "ከዚህ በኋላ አልቆርጥም" አሉ፤ ከዚያ ወዲህም አልቆረጡም። በስፌት ቤታችን እንዲህ ያለውን ዋና የቅድ ወረቀት "ማስተር" ነው የምንለው። ማስተሩን አትርገጡት፣ ማስተሩ ላይ ሻይ እንዳይፈስ፣ ስንባባል ነው የምንውለው። ለምን ቅጂ አላወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ቅጂ አይወዱም፤ መስመር በመስመር ላይ ሲሄድ ይሰንፋል ይላሉ። እኔም የሳቸውን መስመር እንጂ የመስመራቸውን ጥላ አልፈለግሁም። ስለዚህ ያ ወረቀት ከጠፋ ካባውም የለም፤ የእጃቸው የመጨረሻ ሥራም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነበር። ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው ተብሎ ገበሬው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ የተነሳበት፣ ወጣቱ አደባባይ የወጣበት፣ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ የሚዘጋበት ሰሞን። እናቴ መንገዱ እስኪረጋጋ ካባው ይቆይ አለችኝ። ኤግዚቢሽኑ አይቆይም አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያ ሰሞን ከዜናው ይልቅ ስለ ትከሻ አወራረድ ነበር የማስበው።

ቡራዩ

ከአስኮ ታክሲ ይዤ ቡራዩ ወረድኩ። አምቦ መንገድ ግራና ቀኙ የብረት በር የሚበይዱ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚያገጣጥሙ ሰዎች ናቸው። ከኋላቸው ያላለቁ ቤቶች እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግተዋል። የብየዳው ብልጭታ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ሰማያዊ አበባ ይመስላል። ቆሜ እያየሁት ሳለ አንዱ በያጅ ዓይንሽን ትጎጂያለሽ ብሎ ተቆጣኝ።

ሸማኔው ዘለቀ የጋሞ ሰው ነው፤ ከአባቱ ጋር በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ቀርቷል። የሚሠራበት ክፍል ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ላይ ባለች አንዲት ግልጽ ቆርቆሮ ነው። በዚያች ብርሃን ውስጥ ድርና ማጉ ሲሄድና ሲመለስ ሳይ፣ ጨርቁን ዘለቀ እየሠራው ሳይሆን ቀስ ብሎ ከአየሩ ላይ እየሰበሰበው መሰለኝ። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ይረግጣሉ፤ እጁ መወርወሪያውን ይልካል፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው።

ወረቀቱን እሱ ጋ የወሰድኩበት ምክንያት ነበረኝ። ሌላ ጊዜ ጨርቅ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው የሚቆረጠው። እኔ የፈለግሁት ጥለቱ በትክክል ትከሻ ላይ እንዲያርፍ፣ ከአንገት ወደ ክንድ ሲወርድ ቀጭን ሆኖ እንዲጠፋ ነው። ቀደም ብዬ ስመጣ ልኩን ከወረቀቱ ላይ ወስዶልኝ ነበር። አሁን ጨርቁን መሬት ላይ አንጥፈን ወረቀቱን ላዩ ላይ ስንዘረጋው ጥለቱ ትከሻው ላይ ገጠመ። ዘለቀ በጣቱ መስመሩን ተከትሎ ሄደና "እህቴ፣ ይሄ ሰው ሳይለብሰው ራሱ ሰው ነው" አለኝ። በደስታ አቀፍኩት።

ምሳ በያይነቱ አብረን በላን። ሰሞኑን ማታ ማታ ጩኸት እየሰማ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ጎረቤቶቹ ቤታቸው ይፍረስ አይፍረስ ሳያውቁ ግድግዳ መለሰን ትተው እንደተቀመጡ አወራኝ። እሱም ሁለተኛ የሽመና ዕቃ መትከል ፈልጎ ትቶታል። ሰማሁት፣ አዘንኩም፤ ጨርቁን ግን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እያየሁ ነበር የማዳምጠው።

ሰበታ

በማግስቱ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ ሄድኩ። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ከጎማው ሥር ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ። መንገዱ ክፍት ነው ወይ ስላቸው አንዱ "እስካሁን ነው" አለኝ። አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለበት ጥቁር ክብ ይታያል። የኛ ሚኒባስ በላዩ አለፈ።

እትዬ አልማዝ ብዙ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አሁን በግቢያቸው በርሜል ጥደው ለሚያምኑት ሰው ብቻ ያቀልማሉ። ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ሰው ከእንቅልፉ ሊነቃ ሲል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ የሚያየውን አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "እሱ ሰማያዊ አይደለም፣ አመድ ነው፤ ትንሽ ሐምራዊ ይነካዋል" አሉ። ከዚያ ስለ ወጥ ጨው እንደሚከራከር ሰው ስለ ሕልም ቀለም ስንጨቃጨቅ ረፋዱ አለቀ።

ቀለሙ ትከሻው ላይ ፈዞ ወደ ታች እየጠቆረ መውረድ ነበረበት። ስለዚህ ወረቀቱን ገመድ ላይ ሰቅለን፣ ጨርቁ እስከየት መነከር እንዳለበት ከሱ እያየን ምልክት አደረግን። እትዬ አልማዝ ጨርቁን ቀስ እያሉ ወደ በርሜሉ ሲያወርዱት፣ ውሃው ጨርቁን እየወጣ ሲመጣ፣ ዓይኔ ምልክቱ ላይ ነበር። ሲያወጡት መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ አየር ሲነካው ቀለሙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ታክሲ ጠፋ። መንገድ ተዘግቷል ተባለና እዚያው አደርኩ። እራት ድንች በቃሪያ ነበር። ተኝቼ ጨርቁ ገመድ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እሰማለሁ፤ በሕልሜም አንዲት ፊቷን የማላያት ሴት ካባውን ለብሳ ዳገት ትወጣለች፤ ቅርጿ ሳይሆን አካሄዷ ነው የቀረልኝ። ጠዋት ጨጨብሳ አብልተው፣ የደረቀውን ጨርቅ በፌስታል አድርገው ሸኙኝ። መንገዱ ተከፍቷል።

ወደ ሱሉልታ

አዲሱ ገበያ ስደርስ ሚኒባሱ ግማሽ ያህል ባዶ ነበር። ረዳቱ ዋጋውን እጥፍ አድርጎታል፤ ማንም አልተከራከረውም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት አይብ ሸጠው ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው የሚመለሱ ናቸው። "አከም ጂርቱ" ስላቸው ደስ ብሏቸው በኦሮምኛ ረጅም ነገር አወሩኝ። ከሰላምታው አልፌ እንደማልሄድ ስነግራቸው ስቀው ወደ አማርኛ ዞሩ። አደ ወርቂቱ ይባላሉ፤ አደ እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ የሱሉልታ ገበሬ ናቸው። ስለ ጥቅሉ ጠየቁኝና የልብስ ቅድ መሆኑን፣ ጥልፍ ለምትሠራልኝ ሴት ይዤው እንደምሄድ ነገርኳቸው። ልብስ ከወረቀት መጀመሩ ገርሟቸው፣ ለማን እንደሚሰፋ ጠየቁኝ። ለማንም አልኳቸው፤ ለማየት ነው። "ማንም የማይለብሰው ልብስ?" አሉ። ሊያስከፉኝ አልነበረም፤ አሳዘንኳቸው መሰለኝ።

ዳገቱን እንደጨረስን ጉሙ ተቀበለን። ባሕር ዛፉ፣ አጥሩ፣ ላሞቹ ግማሽ ግማሽ ብቻ ይታያሉ። ሯጮች በረድፍ ከጉሙ ወጥተው ድምፅ ሳያሰሙ አልፈውን መልሰው ጉም ውስጥ ገቡ። ሜዳው ሰፊ ነው። እኔ ግን ሜዳውን ሳይሆን ጉሙን ነበር የማየው፤ ከላይ ፈዝዞ ወደ ሣሩ ሲወርድ ይጠቁራል። በእትዬ አልማዝ በርሜል ውስጥ ያየሁት ራሱ ነው። ሰማይ የኔን ካባ ለብሶ መጣ ብዬ በሞኝነት ተደሰትኩ።

ድንጋዩ ጋ

ከተማው ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ሹፌሩ ቆመ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ ዳር ላይ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች መጥተው መኪና እንደማያልፍ፣ የሚፈልግ ግን በእግሩ መሄድ እንደሚችል ነገሩን። ክፉ አልተናገሩንም። ተሳፋሪው ዕቃውን እየያዘ ማለፍ ጀመረ። እኔ ስደርስ ቱታ የለበሰ፣ የሯጭ እግር ያለው አንድ ወጣት ጥቅሉን አይቶ አስቆመኝ። ጓደኞቹ ቶሎሳ ይሉታል።

"ምንድነው የያዝሽው?"

ሐሳቤ ጉሙ ላይ ነበር። ስፌት ቤት ያለሁ ያህል፣ "ማስተሩ ነው" አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ መንገድ፣ ያን ቃል። ቶሎሳ የምን ማስተር እንደሆነ ሲጠይቀኝ መተባተብ ጀመርኩ፤ መተባተቤ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሌሎቹ ተሰበሰቡ። ጥቅሉን ከትከሻዬ አወረዱትና አስፋልቱ ላይ ዘረጉት።

የጋሽ ደምሴን ቅድ በነሱ ዓይን ያየሁት ያኔ ነው። ቀይና ሰማያዊ መስመር፣ ቁጥር፣ ኩርባ። የክሩን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት የካርታ ሰሜን ይመስላል። ወገብ ለማለት "ወ"፣ ቀኝ ለማለት "ቀ" ብለው ጽፈዋል። አንዱ ልጅ ወረዳና ቀበሌ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ ወገቡ አካባቢ ያለውን የጋሽ ደምሴን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ከዚህ እስከዚህ ይሸንሸን።"

በኛ ሙያ ሽንሽን ማለት ጨርቅ እጥፍ እጥፍ ብሎ የሚሰፋው ነው፤ ቀሚስ ሲሽከረከር የሚከፈተው። በዚያ መንገድ ላይ ግን የሚሸነሸን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መሬት። "አየህ" አለ አንዱ፤ ሌላው ኦሮምኛ ተናገረ። የወረቀቱን ጫፍ ይዘው ወደ ጎማው መጎተት ጀመሩ። ስለ ልብስ የምለውን የሰማኝ የለም። ለራሴ የፈራሁት ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያ የፈራሁት ለወረቀቱ ነበር። እነዚያን መስመሮች ያሰመሩት እጆች ሁለተኛ ሊያሰምሩ አይችሉም።

አደ ወርቂቱ አልፈው ሄደው ነበር። ተመልሰው መጡና ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ወረቀቱ ላይ ቆሙ፤ በጫማቸው ሳይሆን በባዶ እግራቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው። "ኡፈታ፣ ለፈ ሚቲ" አሏቸው፤ ልብስ ነው፣ መሬት አይደለም ማለታቸው ነው። ልጆቹ "ሃርሜ" እያሉ በአክብሮት ሊያስነሷቸው ሞከሩ፤ እናታቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። እሳቸው አልተነሱም። ወደኔ ዞረው "አልብሽኝ፤ ይዩት" አሉኝ።

ስፒል ሁልጊዜ ከሹራቤ ደረት ላይ አይጠፋም። ጀርባውን አነሳሁና ትከሻቸው ላይ ጣልኩት። ደረቱን በግራና በቀኝ አያያዝኩት፤ እጅጌውን አገባሁት፤ ኮሌታውን አቆምኩት። የሚሰማው የወረቀቱ መንኮሻኮሽና የጎማው መንተክተክ ብቻ ነበር። "ወ" የተባለው ወረዳ ወገባቸው ላይ ተገኘ፤ "ቀ" የተባለው ቀበሌ ቀኝ እጃቸው ሆነ። ሽንሽኑን ይዤ እጥፍ እጥፍ ሳደርገው ቶሎሳ ቀረብ ብሎ አየ።

"ይሂዱበት እስቲ" አልኳቸው።

ሄዱ። አስፋልቱ መሃል፣ ከድንጋዩ እስከ ግንዱ፣ ቀስ ብለው ሄደው ዞሩ። ንፋስ የካባውን ጫፍ አነሳው። ጉሙ ከኋላቸው ነው። ወረቀት መሆኑን ረሳሁ፤ ስፒሉን፣ ልጆቹን፣ ጭሱን ሁሉ ረሳሁ። ለማየት ብቻ ብዬ ያሰብኩት ልብስ አንዲት አይብ ሻጭ ለብሰውት ወደኔ ሲመጣ እንባዬ መጣ። አንዱ ልጅ ሳቀ፤ የሚያላግጥ ሳቅ አልነበረም።

ቶሎሳ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጨርቁ ሳይቆረጥ ሁልጊዜ እንዲህ ይሞከራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ፕሮቫ ይባላል፤ ሰውየው ለብሶት የሚይዘውን ቦታ ከነገረን በኋላ ነው መቀስ የሚነሳው።

"ለኛስ ማን ፕሮቫ አደረገልን?" አለኝ።

ዘለቀ ቡራዩ ላይ የነገረኝን ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት።

በዚህ መሃል ከከተማው በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ከኋላው የታጠቁ ሰዎች የጫነ ፒክአፕ ከጉሙ ወጣ። ልጆቹ ድንጋይ አነሱ፤ መኪናው ላይ ያሉትም ተንቀሳቀሱ። ያ ቅጽበት አሁንም ይመጣብኛል፤ ማንም ምንም ገና አላደረገም፣ ሁሉም ግን ሊያደርግ ነው። አደ ወርቂቱ በሁለቱ መሃል ነበሩ። መኪናውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ወረቀቱ በሁለቱም ብብት ሥር ተቀደደ። ቅዳጁ እስከ ወገባቸው ወረደ። እሳቸው አላዩትም፤ እጃቸውንም አላወረዱም።

መኪናው ቆመ። አዛዡ በመስኮት ወጣ ብሎ ምን እንደለበሱ ጠየቃቸው። "ልብስ እየተለካሁ ነው" አሉት በአማርኛ፣ እጃቸውን እንዳነሱ። ከመኪናው ላይ አንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕር ዛፉ ገቡ። አዛዡ መንገዱ እንዲከፈት አዘዘና መኪናው ግንዱን አልፎ መሄድ ስላልቻለ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተኩስ አልነበረም።

ስፒሎቹን እያወጣሁ ሳለ አደ ወርቂቱ ቅዳጁን አይተው ደነገጡ፤ ሥራሽን አበላሸሁብሽ አሉ። አላበላሹትም አልኳቸው፤ ልቤ ግን ወርዶ ነበር። ጥልፍ ሠሪዋ ጋ ልደውል ብሞክር ኔትወርክ የለም። ቶሎሳ ከዛፎቹ መሃል ተመልሶ ወረቀቱን ከኔ ይበልጥ ተጠንቅቆ ጠቀለለልኝና፣ ያን ቃል ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ እንዳልናገር መከረኝ። ለአደ ወርቂቱ "ገላቶማ" አልኳቸው፤ ከሰላምታው በቀር የማውቀው ቃል እሱ ነው። ጥልፉን ለሌላ ቀን ትቼ ወደ አዲስ አበባ በሚዞረው ሚኒባስ ገባሁ።

ፒያሳ

በመንገድ ሁሉ ለጋሽ ደምሴ የምለውን ሳዘጋጅ መጣሁ። ስፌት ቤቱ ስደርስ ግን የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋኝ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሁሉንም እንደሆነው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው በሁለቱም በኩል ያለውን ቅዳጅ በጣታቸው ተከተሉት። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። በማጣበቂያ ላያይዘው እችላለሁ አልኩ።

"እጃቸውን እንዴት አድርገው ነው ያነሱት?" አሉኝ በመጨረሻ።

መሃል ክፍሉ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን ወደ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ዕድሜዬን ሙሉ" አሉ፣ "እጁን ላወረደ ሰው ነው የቆረጥኩት።"

ከዚያ አዲስ ወረቀት እንዳወጣ አላዘዙኝም፤ ራሳቸው ተነስተው አወጡ። መስመሩን እኔ እንደማሰምር፣ እሳቸው እንደሚለኩ ነገሩኝ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ ብባል የሳቸውን ነው የምጽፈው፤ ለቀሚስም ለከተማም ይሆናል። እጄን ላወርድ ስል ግን ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው "ቆይ፣ አታውርጂ" አሉኝ። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሜትሩን ከብብቴ እስከ ወገቤ ዘረጉት፤ ተሳሳቱና እንደገና ጀመሩ፤ ደግሞ ተሳሳቱ። ክንዴ ዝሎ ነበር። አላወረድኩትም።